ጥቁር ሂና፣ የፀጉር ቀለምና ያበጠ ፊት፦ ከጅማ አንድ የጉዳይ ጥናት

ሐሙስ ከሰዓት ፀጉሯን ጥቁር ተቀባች። አርብ ማታ የራስ ቆዳዋን ያሳክካት ጀመር። ቅዳሜ ጠዋት ስትነሳ የዓይኖቿ ቆብ አብጦ መግለጥ አቃታት፤ ከጆሮዋ ጀርባና ማጅራቷ ላይ ደግሞ ውኃ የቋጠረ ሽፍታ ወጥቶ ያዣል። እሑድ የእህቷ ሰርግ ነበር። አልሄደችም።

ይህ የሆነው እዚሁ ጅማ ነው። ሴትዮዋ ሃያዎቹ መጨረሻ ላይ ያለች የመንግሥት ሠራተኛ ናት፤ ሽበት በጊዜ ስለጀመራት ቀለም ለእሷ የሰርግ ጌጥ ብቻ ሳይሆን በየጥቂት ወሩ የምታደርገው ነገር ነው። እኔ ፋርማሲስት ነኝ። ጉዳዩ የደረሰኝ በሁለት በኩል ነው። መጀመሪያ ወንድሟ የታዘዘላትን መድኃኒት ሊገዛ መጣ። ቀጥሎ የፀጉር ቤቱ ባለቤት ራሷ የቀለሞቹን ካርቶንና ፓኬት በፌስታል ሞልታ መጣችና "ዶክተር፣ እባክህ እይልኝ፣ የቱ ነው ልጅቷን እንዲህ ያደረጋት?" አለችኝ። ይህን በማድረጓ በጣም አከብራታለሁ። ብዙ ሰው ዕቃውን ደብቆ ዝም ነው የሚለው። ሁለቱም እንድጽፈው ፈቅደዋል፤ የሰውም የቤትም ስም አልጠራም።

ሰፈር ውስጥ ምክንያት አልጠፋም። አንዱ "ቀኑ ያለፈበት ነው" አለ። ሌላው "ፎርጅድ ነው" አለ። የሰው ዓይን ነው ያሉም ነበሩ። እኔም መጀመሪያ ያየሁት ቀኑን ነው፤ ሁሉም ገና አላለፈም ነበር። እንዲያውም እንዲህ ያለ እብጠት ባብዛኛው የሚመጣው ቀኑ ካለፈበት ቀለም አይደለም። በትክክል ከሚሠራ፣ አዲስና "ጥሩ" ከሚባል ቀለም ነው የሚመጣው።

ሐኪሟ የጻፈላት የምርመራ ውጤት አለርጂያዊ የቆዳ ብግነት የሚል ነው። የሚዋጥ ስቴሮይድ ለጥቂት ቀን፣ ለማሳከኩ ሌላ ክኒን፣ ፀጉሩን በብዙ ውኃና በለስላሳ ሻምፖ ደጋግሞ ማጠብ፣ ቀዝቃዛ እርጥብ ጨርቅ ፊት ላይ ማድረግ። እብጠቱ እየቀነሰ ሄዶ ቆዳዋ ተላልጦ ዳነ። ትንፋሽ ቢያጥራት፣ ምላሷ ወይም ጉሮሮዋ ቢያብጥ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ እዚያ ላይ መድኃኒት ቤት መምጣት ጊዜ ማባከን ነው፣ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ነው የሚኬደው።

ፌስታሉ ውስጥ የነበረው

ሦስት ዓይነት ዕቃ ነው ያመጣችልኝ። አንደኛው የታወቀው ዓይነት ነው፦ ቀለሙ በቲዩብ፣ ዴቨሎፐሩ (ነጩ ክሬም) በጠርሙስ፣ ውስጡ ጓንትና መመሪያ ያለበት ካርቶን። ሁለተኛው ትንሽ የዱቄት ፓኬት ነው፤ ፊቱ ላይ አረንጓዴ ቅጠል ተስሎበት "ተፈጥሯዊ ጥቁር ሂና" ይላል። ሦስተኛው ተመሳሳይ ዱቄት ነው፣ ግን የተሠራበት ነገር ዝርዝር ምኑም ላይ የለም።

ካርቶኑ "አሞንያ የለውም" ብሎ በትልቁ ጽፏል። ደንበኞች ይህን ሲያዩ ደስ ይላቸዋል፣ ባለቤቷም ለዚያ ነው የምትገዛው። አሞንያ ዓይንን ያቃጥላል፣ ይሸታል፤ ባይኖር ይሻላል። የዚህች ልጅ እብጠት ግን ከአሞንያ ጋር አይገናኝም። ዝርዝሩ ውስጥ የምንፈልገው ፓራ ፌኒሊን ዳያሚን የሚባለውን ነው፣ ባጭሩ ፒፒዲ። አንዳንዱ ካርቶን 1,4-ዲያሚኖቤንዚን ብሎ ይጽፈዋል፤ ሲ.አይ. 76060 ብሎ በቁጥር ብቻ የሚያልፈውም አለ። ክሬሙ ላይ አለ። ቅጠል የተሳለበት ዱቄትም ላይ አለ፣ በጥቃቅን ፊደል፣ መጨረሻ ላይ። ዝርዝር ስለሌለው ሦስተኛው ፓኬት ባለቤቷ "በግማሽ ሰዓት ጥቁር ያደርጋል" አለችኝ። ይህ ራሱ ብዙ ይናገራል።

እውነተኛ የሂና ቅጠል ጥቁር ቀለም የለውም። ቀለም የሚሰጠው ላውሶን የሚባል ንጥረ ነገር ነው፤ እሱ ደግሞ ብርቱካናማ ወይም ቀላ ያለ ቡናማ ነው የሚያወጣው፣ ያውም ለሰዓታት ተቀብቶ ከቆየ። እናቶቻችን የሚሞቁት እንሶስላም ታስሮ አድሮ ነው ቀይ የሚሆነው። በግማሽ ሰዓት ከሰል የሚያህል ጥቁር የሚያወጣ "ሂና" ካያችሁ ውስጡ ሌላ ነገር ተጨምሮበታል፣ እሱም አብዛኛውን ጊዜ ፒፒዲ ነው።

አንድ ነገር ግን ለሚዛን ልበል። ንጹሕ ሂናም ለሁሉም ሰው አይደለም። ጂ6ፒዲ የሚባል ኢንዛይም እጥረት ያለበት ሕፃን ላይ ሂና ከተቀባ ቀይ የደም ሴሎቹ ሊፈርሱ ይችላሉ። "ተፈጥሯዊ" የሚለውን ቃል ብቻ አይቶ ሕፃን መቀባት አይገባም።

ፒፒዲ ምን ያደርጋል

ፒፒዲ መጀመሪያ ቀለም የለውም ማለት ይቻላል። ሞለኪውሉ ትንሽ ስለሆነ ፀጉሩ ውስጥ ይገባል። እዚያ ከዴቨሎፐሩ ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ጋር ሲገናኝ ይለወጣል፣ ሬሶርሲኖል ከመሳሰሉ አጋሮቹ ጋር ይያያዝና ትልቅ ባለ ቀለም ሞለኪውል ይሆናል። ትልቅ ስለሆነ መውጣት አይችልም፤ ለዚያ ነው በሻምፖ የማይለቀው። ሥራውን ጨርሶ የደረቀ ቀለም አለርጂ የማስነሳት ዕድሉ በጣም ትንሽ ነው። አደጋው ያለው ገና ባልተለወጠውና በመለወጥ ላይ ባለው ፒፒዲ ላይ ነው፤ እሱ የራስ ቆዳን ሲነካ።

አሁን እዚህ ላይ ባለቤቷ የነገረችኝን ልጨምር። ልጅቷ "ቶሎ እንዳይለቅ በደንብ ጥቁር አድርጊልኝ" ስላለቻት፣ ሁለት ቲዩብ ቀለም በአንድ ቲዩብ ልክ ዴቨሎፐር በጠበጠች፣ በላዩ ላይም ዝርዝር የሌለውን ዱቄት ጨመረች። የተረፈውንም ቅንድቧ ላይ አደረገችላት። ክፋት አልነበረባትም። ብዙ ቦታ የሚደረግ ነገር ነው፣ እሷም የተማረችው እንዲህ ነው።

እስቲ ሒሳቡን እንይ። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ቀለሙ ከተበጠበጠ በኋላ ራስ ላይ የሚያርፈው ፒፒዲ ከ2 በመቶ መብለጥ አይችልም። ቲዩቡ ውስጥ 4 በመቶ ቢኖርና አንድ ለአንድ ቢበጠበጥ 2 በመቶ ይሆናል፣ ልክ ድንበሩ ላይ። ሁለት እጅ ቀለም በአንድ እጅ ዴቨሎፐር ሲሆን ግን 2.7 በመቶ ገደማ ይደርሳል። ዴቨሎፐሩ ስላነሰም ሳይለወጥ የሚቀረው ፒፒዲ ይበዛል። ዱቄቱ የጨመረውን ደግሞ ማንም ማስላት አይችልም፣ መጠኑ አልተጻፈምና። በተለያዩ አገሮች ለእጅ ሥዕል ከሚሸጥ ጥቁር ሂና ላይ በተወሰዱ ናሙናዎች ፒፒዲው ከ15 በመቶ በላይ ሆኖ የተገኘበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ካርቶኑ ላይ የተጻፈው መመሪያ ጥራት ማስጠበቂያ ብቻ አይደለም። የደኅንነት ግምገማው በሙሉ የቆመው በዚያ ልኬት ላይ ነው፤ ልኬቱን ስንለውጥ የተገመገመው ዕቃ አይደለም ራስ ላይ ያለው።

የቅንድቡም ነገር ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1933 አሜሪካ ውስጥ ላሽ ሉር የሚባል የሽፋሽፍትና የቅንድብ ቀለም ሴቶችን ዓይነ ስውር አድርጓል። ውስጡ የነበረው ይኸው የፒፒዲ ቤተሰብ ነበር። በ1938 የወጣው የአሜሪካ የምግብ፣ መድኃኒትና መዋቢያ ሕግ እንዲጠነክር ከገፉት ጉዳዮች አንዱ እሱ ነው። የሚያሳዝነው ያው ሕግ እንደ ፒፒዲ ያሉ ከድንጋይ ከሰል ሬንጅ ዘር የሆኑ የፀጉር ቀለሞችን፣ ማስጠንቀቂያና የቆዳ ሙከራ መመሪያ እስከጻፉ ድረስ፣ ከቅድመ ፈቃድ ነፃ አውጥቷቸዋል። ለቅንድብና ለሽፋሽፍት ግን አይፈቅድም። የፀጉር ቀለም ካርቶን ላይ "ለቅንድብ አይጠቀሙ" የሚለው ከዚያ የመጣ ነው።

ታዲያ እንዴት "ደኅና ነው" ይባላል?

ባለቤቷ የጠየቀችኝ ትክክለኛ ጥያቄ ነበር፦ "አደገኛ ከሆነ ለምን ይሸጣል?"

በአውሮፓ አንድ የፀጉር ቀለም ሲገመገም ሳይንቲስቶቹ መጀመሪያ የሚጠይቁት በቆዳ በኩል ስንት ወደ ሰውነት ይገባል የሚለውን ነው። 100 ሚሊ ሊትር የተበጠበጠ ቀለም፣ 580 ስኩዌር ሴንቲ ሜትር በሚሆን የራስ ቆዳ ላይ፣ ለግማሽ ሰዓት ያህል ብለው ይነሳሉ። የገባውን መጠን ለ60 ኪሎ ሰው ያካፍሉታል። ከዚያ እንስሳት ላይ ምንም ጉዳት ካልታየበት ከፍተኛ መጠን ጋር ያነጻጽሩታል። ልዩነቱ ቢያንስ 100 እጥፍ መሆን አለበት፤ 10 እጥፉ ሰውና እንስሳ ስለሚለያዩ፣ ሌላው 10 እጥፍ ሰውና ሰው ስለሚለያዩ። በተጨማሪ የዘር ቅንጣትን (ዲኤንኤን) ይጎዳ እንደሆነ ይፈተሻል። ይህ ፈተና የመጣው እንዲያው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1975 አሜሪካዊው ሳይንቲስት ብሩስ ኤምስና ባልደረቦቹ በባክቴሪያ ላይ በሞከሩት ሙከራ፣ ከፈተሿቸው 169 ቋሚ የፀጉር ቀለሞች 150ው የዘር ለውጥ አምጥተዋል። ከዚያ በኋላ አንዳንድ ንጥረ ነገሮች ከገበያ ወጥተዋል። እ.ኤ.አ. በ2006ም የአውሮፓ ኮሚሽን አምራቾች የደኅንነት ማስረጃ ያላቀረቡባቸውን 22 የፀጉር ቀለም ንጥረ ነገሮች ከልክሏል።

የካንሰሩም ጥያቄ መጥቷል፣ መምጣቱም አይቀርም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተመው ግምገማ ቀለም ለሚቀቡ ሰዎች "ማስረጃው ለመመደብ አይበቃም" ብሏል። ለፀጉር ሠሪዎች ግን ሥራው "ካንሰር የማምጣት ዕድል ሳይኖረው አይቀርም" ከሚለው ምድብ ውስጥ ነው። ይህን ስነግራት ዝም አለች። ከዚያ አብራት የምትሠራው ልጅ ጣቶች ለረጅም ጊዜ እየተሰነጣጠቁና እያሳከኳት እንደሆነ ነገረችኝ። ልጅቷ ጓንቱን አጥባ፣ ገልብጣ፣ ደጋግማ ነው የምትጠቀመው። የተገለበጠ ጓንት ቀለሙን ከቆዳዋ ጋር አሽጎ የሚይዝ ነው፤ ባዶ እጅ ከመሥራት ሊብስ ይችላል። ናይትራይል ጓንት፣ ለአንድ ደንበኛ አንድ፣ ከዚያ መጣል። ፀጉሩ ሲታጠብም ማድረግ ያስፈልጋል፤ ብዙዎቹ ሲቀቡ አድርገው ሲያጥቡ ያወልቁታል።

ወደ ጥያቄው ስመለስ። ይህ ሁሉ ስሌት መልስ የሚሰጠው ስለ መመረዝ ነው። ስለ አለርጂ አይመልስም። ፒፒዲ በአውሮፓ ገምጋሚዎች ዘንድ "እጅግ ኃይለኛ አለርጂ አስነሺ" ተብሎ የተመደበ ነው። የአሜሪካ የቆዳ አለርጂ ሐኪሞች ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ2006 "የዓመቱ አለርጂ አስነሺ" ብሎ ሰይሞታል። አንድ ሰው ሰውነቱ አንዴ ፒፒዲን እንደ ጠላት ከመዘገበው፣ 2 በመቶ የሚለው ድንበር እሱን አይጠብቀውም። ከዚያ በጣም ያነሰም ይበቃዋል። ለዚህ ነው ካርቶኑን ብቻ በማየት "ይህ ቀለም ደኅና ነው" ወይም "አይደለም" ማለት የማልችለው። ግማሹ መልስ ያለው ተቀቢዋ ላይ ነው።

የሰርጉ ሂና

ስለዚህ ልጅቷ ተሽሏት ስትመጣ ስለ ቀለሙ ብቻ አልጠየቅኋትም። "ጥቁር ሂና እጅሽ ላይ አድርገሽ ታውቂያለሽ?" አልኋት።

አድርጋለች። ጅማ ውስጥ ሂና የሌለበት ሰርግና ዒድ ብዙም አታዩም፤ ባለፉት ዓመታት ደግሞ ጥቁሩ ፋሽን ሆኗል፣ ቶሎ ስለሚደርቅና በፎቶ ጎልቶ ስለሚታይ። ከሦስት ዓመት በፊት በራሷ ሰርግ እጇ ላይ ጥቁር ሂና ተሥሎላት ነበር። ከሳምንት ብዙም ሳይቆይ ሥዕሉ በነበረበት መስመር ላይ ብቻ ቆዳዋ ተነሳ፣ አሳከካት፣ ውኃ ቋጠረ። የአበባው ቅርጽ ቅጠል በቅጠል እጇ ላይ አብጦ ይታይ ነበር። ፀሐይ ነው ተብላ ቅባት ቀባች፣ ጠፋ። ከዚያ በኋላ ቀለም በተቀባች ቁጥር ራሷን ያሳክካት ነበር፤ መጀመሪያ ትንሽ፣ ቀጥሎ ጆሮዋ ጫፍ ላይ ይቆጣ ጀመር። "ቀለም ሲሆን ሁሉም ሰው ትንሽ ያሳክከዋል ብዬ ነበር" አለች።

እኔ የጉዳዩ ልብ እዚህ ነው እላለሁ። ሰውነቷ ፒፒዲን ያወቀው በፀጉር ቀለም አይደለም፣ ያለ ምንም ልኬት እጇ ላይ በተሣለ ጥቁር ሂና ነው። የመጀመሪያው ጊዜ አለርጂው እስኪፈጠር ሳምንት ወይም ሁለት ሳምንት ይፈጃል፤ ለዚያ ነው ሥዕሉ የተነሳው ዘግይቶ። ከዚያ በኋላ ግን በአንድ፣ በሁለት፣ በሦስት ቀን ውስጥ ይመጣል። ሐሙስ ተቀብታ ቅዳሜ ማበጧ ከዚህ ጋር ልክ ይገጥማል። በአውሮፓ የፀጉር ቀለም ካርቶን ላይ "ጊዜያዊ የጥቁር ሂና ንቅሳት ለአለርጂ የመጋለጥ ዕድልን ሊጨምር ይችላል" የሚል ጽሑፍ በግዴታ የሚታተመው፣ ከ16 ዓመት በታች ላሉ አይደለም የሚባለውም ለዚሁ ነው። ፒፒዲን ቆዳ ላይ ለሥዕል መጠቀም ደግሞ እዚያም አሜሪካም ክልክል ነው። እኛ ጋ የአምስትና የስድስት ዓመት ሴት ልጆች ሳይቀሩ ለዒድና ለሰርግ እጃቸው በጥቁር ሂና ይሣላል። ይህ በጣም ያስጨንቀኛል። ዛሬ የሚሣልላቸው ልጆች ሽበታቸውን መቀባት ሲፈልጉ ነው ዋጋው የሚመጣው።

የቆዳ ሙከራውስ? መመሪያው ላይ አለ። ከመቀባት 48 ሰዓት በፊት ትንሽ ቀለም ከጆሮ ጀርባ ወይም በክንድ ውስጠኛ መታጠፊያ ላይ አድርጎ ማየት ነው። ባለቤቷ እንደነገረችኝ ማንም አይጠብቅም። ደንበኛ የምትመጣው ከሰርግ በፊት ባለው ቀን ነው፣ ሁለት ቀን ጠብቂ ብትያት ወደሚቀጥለው ፀጉር ቤት ትሄዳለች። እውነቷን ነው። ሙከራውም ምንም አላሳየም ማለት ፍጹም ዋስትና አይደለም። ከዚህ በፊት አብጦ የሚያውቅ ሰው ደግሞ ቤት ውስጥ ጨርሶ መሞከር የለበትም፤ ያ በቆዳ ሐኪም እጅ፣ በቫዝሊን በተበጠበጠ 1 በመቶ ፒፒዲ ጀርባ ላይ ተለጥፎ፣ ከሁለት ቀንና ከዚያ በኋላ ባሉ ቀናት የሚነበብ ምርመራ ነው። ጥያቄ ግን 48 ሰዓት አይፈጅም። "ጥቁር ሂና አብጦብሽ ያውቃል? ቀለም አሳክኮሽ ያውቃል?" ይህ አንድ ደቂቃ ነው፣ የዚህችን ልጅ ጉዳይም በዚያች ደቂቃ ይይዘው ነበር።

አሁን ፀጉር ቤቱ ውስጥ ይህ ጥያቄ በደብተር ይመዘገባል፣ ከደንበኛዋ ስልክና ከቀለሙ ስም ጋር። "አዎ" ያለች አትቀባም። ዴቨሎፐሩ በመመሪያው ልክ ይለካል፣ ዱቄት ከክሬም ጋር አይቀላቀልም፣ ቅንድብ ተትቷል። አንዳንድ ደንበኞች እንደቀሩባት አልደበቀችኝም። ዝርዝር የሌለውን ፓኬት ጉዳይ ለምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በነፃ መስመር 8482 ደውለን አሳውቀናል፤ መዋቢያዎች በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ሥር ስለሆኑ የሚመለከተው እሱን ነው። መርካቶ ያለው አከፋፋይ ግን ዕቃውን አሁንም ይዟል።

ልጅቷ ከእንግዲህ ፒፒዲ ያለበትን አትነካም። በምትኩ ቶሉዊን ዳያሚን ያለበትን ብትሞክር ብላ ጠይቃ ነበር፣ አምራቾች "ፒፒዲ የለውም" ብለው የሚሸጡት ብዙ ጊዜ እሱ ስለሆነ። ሁለቱ በጣም ዘመዳሞች ናቸው፤ ለፒፒዲ የሚነሳባቸው ብዙ ሰዎች ለእሱም ይነሳባቸዋል። ሐኪሟም ከለከላት። ንጹሕ ቀይ ሂና ትቀባለች፣ ሽበቷ ብርቱካናማ ይሆናል፣ ሻሽ ስለምታስር ብዙም አልከበዳትም። የሕክምና ካርዷ ላይ ደግሞ ከፒፒዲ ቀጥሎ ቤንዞኬይን ተብሎ ተጽፏል፤ የጥርስ ሐኪም ድድ ለማደንዘዝ የሚቀባው ጄል ውስጥ የሚገኝ ነገር ነው፣ በኬሚካሉ ስለሚመሳሰል ያው አለርጂ ሊነሳባት ይችላል። ጥርሷን ልታስነቅል ስትሄድ መጀመሪያ ካርዱን እንድታሳይ ነግረናታል።